ከሰው በረንዳ የታየ አገር

ብራዚል ሲባል እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ኳስ ነው። ከኳስ ቀጥሎ ቡና። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ፣ “ጃንሆይ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ እዚያ አልነበሩም እንዴ?” ብሎ ይጨምርላችኋል። ልክ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ቤተ መንግሥቱን ሲይዙ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ነበሩ። ጉብኝቱን አቋርጠው በአሥመራ በኩል ተመለሱ፤ የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጃንሆይ በጥድፊያ ጥለዋት በሄዱት ብራዚል ውስጥ በዚያ ሰዓት አንዲት አሜሪካዊት ገጣሚ ነበረች። ከሪዮ ዴ ጃኔሮ በላይ ባለው ተራራ ላይ፣ ፔትሮፖሊስ ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ኤልዛቤት ቢሾፕ ትባላለች። በሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ እሷም መፈንቅለ መንግሥት በዓይኗ ልታይ ነው። አይታም ልታጨበጭብ ነው። (ከዚህ በኋላ የእኛን አቆጣጠር ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ ናቸው።)

የዚህችን ሴት ግጥሞች ለዓመታት ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። ለተማሪዎቼ እነግራቸው የነበረውን ዛሬ ሳስበው ትንሽ አፍራለሁ። “ቢሾፕ ፖለቲካ አይነካካትም፤ የእሷ ጉዳይ ዓሣ፣ ካርታና ዝናብ ነው” እል ነበር። መምህር ሲሳሳት ብቻውን አይሳሳትም፤ አርባ ሰው ይዞ ነው የሚሳሳተው። የዛሬው ጽሑፌ እንደ እርማት ይቆጠርልኝ።

መጀመሪያ ሴትየዋን እናስተዋውቅ። ቢሾፕ በ1911 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተወለደች። ስምንት ወር ሲሆናት አባቷ ሞተ። አምስት ዓመቷ ላይ እናቷ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ገባች፤ ልጅ እናቷን ዳግመኛ አላየቻትም። ከዘመድ ወደ ዘመድ ስትዘዋወር አደገች። በአርባ ዓመቷ፣ በ1951 መጨረሻ ላይ፣ ከኒው ዮርክ በጭነት መርከብ ተሳፍራ ደቡብ አሜሪካን ልትዞር ተነሣች። ብራዚል ላይ ለጥቂት ጊዜ ወረደች። እዚያ የካሹ ፍሬ ቀመሰች፤ ለውዙን ሳይሆን ከላይ ያለውን ፍሬ። ሰውነቷ ተቆጣ፣ ፊቷና እጇ አበጠ፣ አልጋ ላይ ዋለች። ሎታ ዴ ማሴዶ ሶአሬስ የምትባል ብራዚላዊት ወዳጇ አስታመመቻት። ከዚያ “እዚሁ ቅሪ” አለቻት። ቀረች። ለሁለት ሳምንት ያህል የታሰበው ቆይታ አሥራ አምስት ዓመት አለፈው። ሎታ የሕይወት ጓደኛዋ ሆነች፤ ከቤቱም በላይ ባለው ዳገት፣ ከምንጭ አጠገብ፣ የመጻፊያ ክፍል ሠራችላት።

ቤት ያልነበራት ሰው ቤት አገኘች። ይህንን አንርሳው፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ ቁልፉ እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ቢሾፕ አገሯን ማየት የጀመረችው ከአገሯ ከወጣች በኋላ ነው። ምድጃው፣ ውሻው፣ ጭቃው፣ ወጥ ቤት የሚንጫጩት ልጆች፣ መንደርተኛው ሁሉ በሰው ጉዳይ መግባቱ የልጅነቷን የካናዳ መንደር መለሱላት። ስለ እናቷ የጻፈችውን እጅግ የሚያምር ትረካ የጻፈችው ብራዚል ተቀምጣ ነው። በ1956 ለግጥም የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት ስታገኝም ዜናው የደረሳት እዚያው ተራራ ላይ ነው።

የዕለት ኑሮን በማየት ረገድ ዓይኗ የሚገርም ነበር። ሠራተኛው እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ደመናው በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ የቤንዚን ማደያ ባለቤት ቆርቆሮውን እንዴት እንደሚደረድር ሁሉ ታያለች። የአንዲት የማዕድን አካባቢ ልጃገረድ የልጅነት ማስታወሻ ከፖርቱጋልኛ ተርጉማ በ1957 አሳተመች፤ በኋላም የብራዚል ገጣሚዎችን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀች። እንዲህ ያለውን ሥራ አገሩን የሚወድ እንጂ አላፊ አግዳሚ አይሠራውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከወጥ ቤቱ ወጥታ ስለ አገሪቱ በጠቅላላው መናገር ስትጀምር ነው። በመጋቢት 1965 ሪዮ ዴ ጃኔሮ 400 ዓመት የሞላትን በዓል ምክንያት በማድረግ በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ጻፈች። ያየችውን አንድ የጋዝ ምድጃ ማስታወቂያ እንደ ምሳሌ አነሣች። አንዲት ጥቁር ምግብ አብሳይ በአዲሱ ምድጃ ተደስታ፣ ከምድጃው ወዲያና ወዲህ ሆነው ከነጭ እመቤቷ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ያሳያል። ማስታወቂያው ሞኛሞኝ መሆኑን፣ ኑሮውም ገነት አለመሆኑን አልካደችም። ግን ጠየቀች፤ እንዲህ ያለ ሥዕል አትላንታ ጆርጂያ ውስጥ መንገድ ላይ ሊሰቀል ይችላል ወይ? ኒው ዮርክስ?

ጥያቄው ከንቱ አይደለም። በዚያው ወር አላባማ ውስጥ፣ ሰልማ ድልድይ ላይ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የጠየቁ ጥቁሮች በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ይደበደቡ ነበር። አሜሪካዊ ሆኖ በዚያ ሳምንት ሪዮ ላይ የቆመ ሰው ያንን መሳሳም አይቶ ቢያፍር አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ የብራዚል ጋዜጠኛ ጽሑፏን አንብቦ ተቆጣ፤ ዘረኛ ናት ብሎ ጻፈባት። እሷ አዘነች፤ “አመሰገንኳቸው እንጂ መቼ ሰደብኳቸው!” የሚል ዓይነት ኀዘን።

የማን ነው ጥፋቱ? እኔ ሁለቱንም እረዳለሁ። ቢሾፕ ብራዚልን የለካችው በአሜሪካ ነው፤ በአሜሪካ ሲለካ ደግሞ በዚያ ዘመን ብዙ አገር ያምራል። ሥዕሉ ላይ ግን ማን አብሳይ፣ ማን እመቤት እንደሆነች ልብ ብሎ ለማየት ሌላ መለኪያ ይጠይቃል። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው አሜሪካ አህጉር ከደረሱት ሰዎች ትልቁን ቁጥር፣ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋውን፣ የተቀበለችው ብራዚል ናት። በአህጉሩ ባርነትን በመጨረሻ የሻረችውም እሷው ናት፤ በ1888። ምድጃው በዚያኛው ወገን የቆመችው ሴት ያንን ታሪክ ተሸክማ ነው የምትስመው። አሜሪካዊቷ መሳሳሙን አየች፤ ብራዚላዊው ምድጃውን አየ። ሁለት አገርን ማወዳደር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የራሳችንን ነውር ለማጋለጥ ስንል የሌላውን ነውር ጌጥ እናደርገዋለን።

እንግዲህ ወደ ፖለቲካው እንሂድ። ሎታ ተራ ሴት አልነበረችም። ከታወቀ ቤተሰብ የመጣች፣ መሬት ያላት፣ ሐሳቧ የማያልቅ ሰው ናት። ካርሎስ ላሴርዳ የተባለው ፖለቲከኛ ወዳጇና ጎረቤቷ ነበር። ላሴርዳ ምላሱ ስለት ነው፤ ብዕሩም እንደዚያው፤ መንግሥት በመገልበጥ የተካነ ጋዜጠኛ ነበር። በ1960 ዋና ከተማው ወደ ብራዚሊያ ሲዛወር ሪዮ ራሱን የቻለ ግዛት ሆነ፤ ላሴርዳም ገዥ ሆኖ ተመረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ለሎታ ትልቅ ሥራ ሰጣት። ከባሕር በተመለሰ መሬት ላይ፣ 120 ሄክታር ያህል የሚሆን፣ የሕዝብ መናፈሻ እንድታሠራ። ዛሬ ሪዮ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያየው የፍላሜንጎ ፓርክ እሱ ነው። አውራ ጎዳና ብቻ ሊሆን የነበረ መሬት ለሕፃናትና ለእግረኛ ተርፏል። ሎታ ለዚህ ክብር ይገባታል።

ቢሾፕ የብራዚልን ፖለቲካ የምትሰማው እንግዲህ ከዚህ ቤት ነው። ማታ እራት ላይ የሚወራው የገዥው ወገን ወሬ ነው። ጠላት የተባለው ፕሬዚዳንት ጆአዎ ጉላርት ነው። ጉላርት በመጋቢት 1964 በሪዮ ባቡር ጣቢያ አደባባይ ብዙ ሕዝብ ሰብስቦ የመሬት ድንጋጌ ፈረመ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ዜጎች ድምፅ እንዲሰጡም ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ዘመን ብራዚል ውስጥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው መምረጥ አይችልም ነበር። ወሩ ሳያልቅ ጦሩ ተነሣ። የአሜሪካ መንግሥትም የባሕር ኃይል መርከቦችን ወደዚያ አንቀሳቅሶ ነበር፤ ሳያስፈልጉ ቀሩ፤ ጉላርት ወጣ፤ ዋሺንግተን አዲሶቹን ገዥዎች በሰዓታት ውስጥ አወቀቻቸው።

ቢሾፕ አሜሪካ ላለው ወዳጇ፣ ለገጣሚው ሮበርት ሎዌል፣ ስለዚህ ነገር ስትጽፍ ደስታዋን አልደበቀችም። ቶሎ ያለቀ፣ ያማረ ነገር ሆኖ ነው የታያት። የመብት መታገዱንና የምክር ቤት አባላት መባረሩን እንኳ፣ ለጆሮ ቢከብድም መደረግ የነበረበት ነው አለች።

ኧረ እንዲህ ያለውን ወግ እኛ ደህና አድርገን እናውቀዋለን። “ያለ ደም” ተብሎ በ1966 ዓ.ም. የተጀመረው አብዮት ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ሰው ረሽኗል። ያማረ መፈንቅለ መንግሥት የሚባል ነገር ሲጽፉልን ዓይናችን ቀን መቁጠሪያውን የሚፈልገው ለዚህ ነው። ብራዚልም ቀን መቁጠሪያዋ አልቀረም። ወታደሮቹ “ለጥቂት ጊዜ” ብለው ገብተው እስከ 1985 ተቀመጡ። በታኅሣሥ 1968 ምክር ቤቱን ዘግተው ማሰቃየቱን የመንግሥት ሥራ አደረጉት። በ2014 ለፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍ የቀረበው የእውነት ኮሚሽን ዘገባ የተገደሉና ደብዛቸው የጠፉ 434 ሰዎችን ዘርዝሯል። ዘገባውን ስትቀበል ፕሬዚዳንቷ አለቀሰች፤ በወጣትነቷ ታስራ ከተሠቃዩት አንዷ ናትና። ላሴርዳስ? የደገፈው ጦር በ1968 እሱንም አስሮ የፖለቲካ መብቱን ገፈፈው።

አባቶቻችን “ያልተነካ ግልግል ያውቃል” ይላሉ። ቢሾፕ ያልተነካች ነበረች። ፓስፖርቷ አሜሪካዊ፣ ቤቷ ተራራ ላይ፣ ወዳጆቿ ከአሸናፊው ወገን። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ያየችው ግን ከሰው በረንዳ ላይ ሆና ነው። በረንዳው ደግሞ ቤት ያልነበራትን ልጅ ቤት የሰጣት ሰው በረንዳ ነው። የፖለቲካ አቋም ሁሉ ከመጽሐፍ ይገኛል የሚል ካለ፣ አብዛኞቻችን አቋማችንን የወሰድነው ከበላንበት ገበታ መሆኑን ይመርምር።

እዚህ ላይ ባቆም ይህ ጽሑፍ ክስ ይሆን ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሰው የሚቸገረው ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የቢሾፕ ግጥሞች የቢሾፕን ደብዳቤዎች አይመስሉም።

“ማኑኤልዚኞ”ን እንውሰድ። በሎታ መሬት ላይ ግማሽ ጭሰኛ፣ ግማሽ ሰፋሪ ሆኖ የሚኖር ድሀ አትክልተኛ ነው። ተናጋሪዋ እመቤቲቱ ናት፤ ገጣሚዋ ራሷ፣ ይህን የምትናገረው ወዳጄ ናት ብላ ከላይ ማስታወሻ አኑራለች። እመቤቲቱ ትቆጣለች፣ ታላግጣለች፣ ገንዘብ ትሰጣለች፣ ሂሳቡን አይታ ራሷን ትይዛለች። መጨረሻ ላይ ስለ አላገጠችበት ቆብ ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ዝቅ ትላለች፤ እወደዋለሁም ትላለች፤ ግን መውደዷ መውደድ መሆኑን ራሷም እርግጠኛ አይደለችም። ብዙ አንባቢ ይህን ግጥም የባለርስት ግጥም ነው ብሎ ይነቅፈዋል። ነውም። ግን ባለርስቷን እንዲህ አድርጎ ራቁቷን ያስቀመጠ ግጥም ብዙ አላነበብኩም። ደግነቷም ንቀቷም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ግጥሙንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጉላርት የመሬት ድንጋጌ ሲፈርም፣ ያልተማሩት ይምረጡ ሲል የሚያወራው ስለ ማን ነው? ስለ ማኑኤልዚኞና ስለ ቢጤዎቹ አይደለም እንዴ? በግጥሙ ውስጥ የሚወደደው ሰው በደብዳቤው ውስጥ አደጋ ሆኗል፤ እሷ ግን ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አላገናኘችም። ፊደል ያልቆጠሩ ብራዚላውያን የመምረጥ መብት ያገኙት በ1985፣ ጦሩ ሥልጣን በለቀቀበት ዓመት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የማኑኤልዚኞ ቢጤዎች ድምፅ አልተጠየቀም።

ሁለተኛው በ1964፣ በዚያው በመፈንቅለ መንግሥቱ ዓመት፣ የታተመው የባቢሎን ኮረብታ ሌባ ግጥም ነው። ሚኩሱ የሚባል ወንበዴ ከእስር አምልጦ ድሆች በሰፈሩበት ኮረብታ ይደበቃል፤ ጦር ከቦ ያድነዋል። አቀራረቡ እረኛ እንደሚያወርደው ዜማ ቀላል ነው። ወታደሮቹ ይርበተበታሉ፣ አንዱ የራሱን አዛዥ ይመታል፤ ከሕንፃ ላይ ያሉ ሀብታሞች ደግሞ በአቅራቢ መነጽር ያያሉ። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ቢሾፕም በመነጽር ካዩት አንዷ እንደነበረች፣ ብዙም እንዳልታያት፣ በኋላ ራሷ ተናግራለች። ደብዳቤው ውስጥ የሌለው ነገር ይህ መነጽር ነው። ግጥሙ ውስጥ ገጣሚዋ ከማን ጋር ቆማ እንደምታይ ትነግረናለች፤ ደብዳቤው ውስጥ ግን አገሩን ራሱን በቀጥታ ያየች ይመስላታል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። በላሴርዳ አስተዳደር ዘመን ሪዮ ውስጥ ፖሊሶች የኔ ቢጤዎችን ገድለው ወንዝ ይጥላሉ የሚል ከባድ ቅሌት ወጥቶ ነበር። ቢሾፕ በዚያው በ1960ዎቹ አንድ ግጥም ጀመረች። በካርኒቫል ሰሞን መንገድ ላይ ስላየቻት፣ ፀጉሯ ስላለቀ፣ እከክ ስለያዛት ውሻ ነው። ተናጋሪዋ ውሻዋን ትመክራለች፤ በዚህ ከተማ የኔ ቢጤ ምን እንደሚደረግ አልሰማሽም ወይ? ጭምብል ልበሺና ጨፍሪ እንጂ እንዲህ ራቁትሽን አትታዪ ትላታለች። ሳቅ አለው፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይህ ግጥም “ሮዝ ውሻ” ተብሎ የታተመው በ1979፣ በሞተችበት ዓመት ነው። በ1964 ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ውስጥ ያልገባው ነገር፣ ዓመታት ቆይቶ በአንዲት ውሻ በኩል መጣ። ሎታ ከሞተች ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ፓርኩ ከእጇ ወጥቶ፣ ጤናዋ ታውኮ፣ በመስከረም 1967 ኒው ዮርክ ድረስ መጥታ መድኃኒት አብዝታ ወስዳ ነው የሞተችው። በረንዳውም ቀርቷል።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” የሚለውን ደግሞ ብራዚላውያን በኅዳር 2019 አሳዩ። ፓራቲ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቅ የሥነ ጽሑፍ በዓል ለ2020 የሚያከብራት ደራሲ ቢሾፕ ናት ብሎ አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ የሚከበሩት የአገሩ ጸሐፊዎች ነበሩ። ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። የዚያን ዓመት ፕሬዚዳንቱ ዣየር ቦልሶናሮ ነው፤ የወታደሮቹን ዘመን በአደባባይ የሚያወድስ ሰው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ለ1964 ያጨበጨበች አሜሪካዊት ትከበር? ወረርሽኙ መጣ፣ በዓሉ ተራዘመ፣ በኋላም በኢንተርኔት ሲካሄድ ክብሩ ቀረ። የተቃወሙት ሰዎች ፍርሃታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ጥር 8 ቀን 2023 ታየ፤ ጦር ይግባልን የሚል ሕዝብ ብራዚሊያ ላይ ምክር ቤቱንና ፍርድ ቤቱን ሰባበረ። በመስከረም 2025 ፍርድ ቤት ቦልሶናሮን በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥፋተኛ ብሎ 27 ዓመት ከሦስት ወር ፈረደበት።

እኔ በተቃዋሚዎቹ አልፈርድም። ክብር መስጠት የቤቱ ባለቤት መብት ነው፤ ቁስሉን የሚያውቀውም እሱ ነው። ነገር ግን አለማክበርና አለማንበብ ለየቅል ናቸው። እንዲያውም ቢሾፕን ያለ ደብዳቤዎቿ ማንበብ ነው ስሕተቱ፤ እኔ ክፍል ውስጥ የሠራሁት ስሕተት። ደብዳቤዎቿን ደብቀን ስናስተምራት “ንጹሕ ገጣሚ” ትሆናለች፤ ደብዳቤዎቿን ብቻ ይዘን ስንከሳት ደግሞ ያቺን ውሻ እናጣለን። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ አስተዋይ ሰው እንዴት እንደሚታወር፣ ዓይኑም ዘግይቶ እንዴት እንደሚመለስ ያያል። ይህን የሚያስተምር ሌላ መጽሐፍ ቢኖር በወደድኩ።

እንግዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ጽሑፍ ካገኛችሁት ደብተራችሁ ላይ ያለውን ሰርዙልኝ። “ፖለቲካ አይነካካትም” ብዬ ነበር። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ ስለ ሰው አገር የሚናገር ሰው ስታገኙ፣ ባዕድም ይሁን የአገር ልጅ፣ ያየውን ከመቀበላችሁ በፊት የቆመበት በረንዳ የማን እንደሆነ ጠይቁት። እኔንም ጭምር።